የትኛው ቪትዝ?

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ሦስት የቪትዝ መኪኖች፣ ሦስት ትውልድ።

«አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛለህ?»

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ነው። ባለ 1 ሊትሩ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። በ2005 የመጣው ሁለተኛው ውስጡ ሰፋ ብሏል፤ ባለ 1 ሊትሩ ግን ሦስት ሲሊንደር ሆነ። በሁለቱም የፍጥነት መለኪያው ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ነው። በ2010 መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ከመሪው ፊት ለፊት አመጣው።

ሦስቱም ነዳጅ ይቆጥባሉ። እኔን ያሳሰበኝ መንገዱ ነው።

የአክስቴ ልጅ የሚመላለሰው ወደ ገበዝ ማርያም ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ገጠር ሲገባ ግን ድንጋይና የክረምት ጭቃ ነው። ቪትዝ ደግሞ ዝቅ ያለች መኪና ናት። ስለዚህ «ሞዴሉን ተወው፣ መጀመሪያ ሥሯን ጎንበስ ብለህ እይ» አልኩት። ዝገት፣ ብየዳ፣ የደከመ አሞርዛተር።

መሪውንም እይ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሟ ነው፤ አውሮፓ ያሪስ ትባላለች። ከጃፓን ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነው፤ እዚህ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ በደንብ መሠራቱን መካኒክ ይየው።

አዲስ እንዳይገዛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለው የኤሌክትሪክ ነው። በዚያ ጭቃ፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን እንዴት ይሆናል?

እኔ ለሁለተኛው ትውልድ አደላለሁ፣ ንጹሕ ከተገኘ።

በገጠር መንገድ ቪትዝ የነዳችሁ፣ እስቲ ንገሩን፦ ቀድሞ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?