የተረፈውና የቀበረው

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ፣ ታጣቂዎች ቤት አቃጠሉ፤ ሰው ፈጁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ መግለጫው ሟቾቹ ከ100 በላይ መሆናቸውን ገለጸ።

ከዚያ ወዲህ እምነት በማስረጃ ይቆማል ወይ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ቡለን ይሄዳል። ከእሳት ያመለጠ ሰው «እግዚአብሔር አወጣኝ» ይላል። ልጁን የቀበረ ጎረቤቱም ለቅሶ ደራሽ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ተመስገን» ብሎ ይመልሳል። መትረፍ የቸርነቱ ማስረጃ ከሆነ፣ የሕፃኑ ሞት የምን ማስረጃ ሊባል ነው? «ምክንያት ይኖረዋል» የሚል አጽናኝ ይህን ቃል ለቅሶ ቤት ይዞ ባይገባ እመርጣለሁ። ሁለቱም ሰዎች ያመኑት ያን ንጋት አይተው አይደለም። እምነታቸው ቀድሞ በቤታቸው ነበረ፤ መዓቱም አላፈረሰው። በማስረጃ አልመጣም፤ በማስረጃም አልሄደም። ይህን ድክመት ነው የሚል ካለ አልስማማም።

ግን እምነት ስለ ሰው መናገር ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ከደጋ የወረዱ አማኞች፣ ጾማቸውን ሳይገድፉ፣ ለዘመናት የመተከልን ጉሙዞች እየፈነገሉ በባርነት ሸጠዋል። ፍትሐ ነገሥቱም ባርነትን ያውቅ ነበር። የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ደግሞ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው ይላል፤ አባቶች ያወረሱትንም ፈጣሪ በሰጠው ልቦና መርምር ይላል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊክና ተዋሕዶ ሲፋጁ ተከዜ አጠገብ ዋሻ የገባ ሰው ሐሳብ ነው ይባላል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሐተታው የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ካለ ወዲህ ሙግቱ አልተቋጨም። ማንም ይጻፈው፣ ያን ሐሳብ የጉሙዝ ሰው በተሸጠባቸው ገበያዎች የሚያነሳ ቢኖር ስንት ቤተሰብ ሳይበተን በቀረ ነበር!

ስለ አምላኬ ማስረጃ አቅርብ ብባል የለኝም፤ አላፍርበትም። ጎረቤትህ ከአንተ ያንሳል፣ ጠላትህ ነው ለሚለኝ ግን፣ መስቀል ይጨብጥ ቁርዓን ይያዝ፣ ማስረጃውን ሳላይ አልሰማውም።

ልጆች «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብለው ሲጠይቁም «አትጠይቁ» አይባሉ። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ሲል ከሐዋርያት ማኅበር አልተባረረም፤ ቁስሉን እንዲዳስስ ተፈቀደለት። ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ ይህንኑ ታስባለች። የቡለን ልጆች ደግሞ ቁስሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ጥያቄያቸውን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ቄስ፣ ሼክና ፓስተር ያስፈልጋቸዋል።