የስድስት ሰዓት ልዩነት

ከኦዜት ሐይቅ ተነሥቶ ሪያልቶ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወደ 32 ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን ሸዋ ዳገት ላደገ ሰው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ይመስላል። እኔ ሦስት ሌሊት ይዤለታለሁ። በዋሽንግተን ግዛት ያለው የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ አሸዋ ብቻ አይደለም፦ የባሕር አረም ያለበሰው የሚያንሸራትት ድንጋይ፣ ማዕበል የከመረው ግንድ፣ በገመድ ተይዞ የሚወጣ ገደል አለበት። በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር የሄደ ጥሩ ሄዷል።

*

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ወደ ውሃው የገቡ የገደል አፍንጫዎች አሉ። አንዳንዶቹ በጫካ በኩል መሻገሪያ አላቸው፤ ምልክቱም ዛፍ ላይ የተቸነከረ ቀይና ጥቁር ክብ ሰሌዳ ነው። ሌሎቹን ግን ባሕሩ ሲጎድል በሥራቸው ከማለፍ በቀር ምርጫ የለም። እያንዳንዱ አፍንጫ ውሃው ከስንት ጫማ በታች ሲወርድ እንደሚታለፍ ካርታው ላይ ተጽፏል። ከርቀቱ በፊት መነበብ ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

*

ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ሰዓት የምንቆጥረው በሁለት ዓይነት ነው። ሥራ ቦታ ዘጠኝ ያልነውን ቤት ስንገባ ሦስት እንለዋለን። ለጉዞው ስንዘጋጅ አንዱ ጓደኛችን ለሁላችን «አፍንጫውን 3 ሰዓት ላይ እናልፋለን» ብሎ ጻፈ። እሱ ያለው የጠዋቱን ሦስት፣ በፈረንጅ 9፡00 ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገች እህቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ 3፡00 ብላ ያዘችው።

ስሕተቱ ምን እንደሚያደርስ ያየሁት የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ስገልጥ ነው። ባሕር ጎድሎ እስኪሞላ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለውም ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓት የተምታታበት ሰው ጥቂት ዘግይቶ አይደርስም፤ ውሃው ልክ በሞላበት ሰዓት ከገደሉ ሥር ይገኛል። አሁን በወረቀታችን ላይ «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» የሚል ቃል ከሌለው ሰዓት አንቀበልም። የሁላችን የእጅ ሰዓትም በአንድ አቆጣጠር ይነበባል።

*

ለዚህ ጉዞ ጨረቃን ማየት ግድ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ፋሲካን በጨረቃ ሲያሰላ ለኖረ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የሙላቱና የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በመጀመሪያው ጠዋት የተመቸ ማለፊያ በሦስተኛው ቀን ወደ ቀትር ይጠጋል። ደግነቱ በሐምሌና በነሐሴ ዝቅተኛው ጉድለት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ይውላል።

*

በዚህ ዳርቻ ለሚያድር ሰው ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ መያዝ ግዴታ ነው። የዕለት ተዕለቱ ሌባ ግን ራኩን ነው። ጣሳው ጠባብ ስለሆነ ቦታ የሚይዝ ምግብ አይሆንም። በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፤ አባቶቻችን ለዘመቻ የሰነቁት ለዚህ ጣሳ የተሰፋ ይመስላል። የቋንጣው በርበሬ ሽታ ስላለው ማታ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። የጅረቱ ውሃ እንደ ሻይ የጠቆረው ከጫካው ቅጠልና ሥር በሚወጣ ቀለም ነው፤ ቀለሙ አይጎዳም፣ ግን ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣም።

*

በኦዜት በኩል የአገሬው ተወላጅ የሆነው የማካ ሕዝብ መንደር ነበር። ከዘመናት በፊት የጭቃ ናዳ ቤቶቹን ቀበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ማዕበል ገለጣቸው። በ11 ዓመት ቁፋሮ ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጣ፤ ዛሬ ኒያ ቤይ ባለው የማካ ሙዚየም ይታያል። እዚያ ሳይገቡ ዳርቻውን ብቻ ረግጦ መመለስ ባለቤቱን ሳይሰናበቱ ከቤቱ እንደ መውጣት ነው። ለሙዚየሙ አንድ ሙሉ ቀን ይዤለታለሁ።

*

በዚህ ዳርቻ መኪና መንገድ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር። ይህን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሰዎች አስከትለው በኦዜት በኩል ካለው ኬፕ አላቫ እስከ ሪያልቶ ሦስት ቀን በእግር ሄዱ። መንገዱ አልተሠራም። ያንን ጸጥታ ያተረፈልን የእነሱ እግር ነው፤ ስሄድ አስባቸዋለሁ።

*

ስለ ግንዶቹ ልጆች ላሉት ሁሉ እነግራለሁ። ዳር የተጋደመው ዛፍ መቀመጫ ይመስላል። ማዕበል ሲደርስበት ግን ይንሳፈፋል፣ ይንከባለላል፤ ሰው ገድሏል። ባሕሩ ሲያይል ከግንዱ ራቁ። ድንኳንም ከሙላቱ መስመር በላይ ይተከላል።

*

ብዙ ሰው በዳርቻው የማደሪያ ፈቃዱን ያወጣና ሰንጠረዡን በመጨረሻ ያያል። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ሪያልቶ አጠገብ ያለችውን የላ ፑሽን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ግለጡ፣ ጠዋት ጠዋት ዝቅ የሚልባቸውን ቀኖች ምረጡ፣ ፈቃዱን ለእነዚያ ቀኖች አውጡ። ሰንጠረዡንም በወረቀት አትማችሁ ያዙ፤ በአብዛኛው ዳርቻ ስልክ አይሠራም።