ፈረሱ ሲያነክስ ራጁ ስንተኛ ይምጣ?

ፈረስ ማንከስ ሲጀምር «ራጅ ይነሳለት» የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። ለሰውም የለመድነው ይኸው ነው፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ሳይነሳ የተመለሰ ሰው በቅጡ የታየ አይመስለውም። በፈረስ ሰኮና ሕመም ላይ ግን ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ያሳስታል ባይ ነኝ። መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ገደማ ስለ ሰኮና ሕመም የሚታወቀውን ከሥሩ የለወጠው የምስል ምርመራ ነው። ነገር ግን ያ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ልብ ብሎ ላየው፣ ምስሉ ዋጋ ያገኘው ሕመሙ የት እንዳለ በእጅና በመርፌ ከተለየ በኋላ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሰኮናው አፈጣጠር ነው። ከጉልበት በታች ያለ ጅማት ሲጎዳ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሰኮና ግን ጠንካራ ቅርፊት ስለሆነ የውስጡን ጉዳት ደብቆ ይይዛል። በዚያ ቅርፊት ውስጥ የሰኮናው ዋና አጥንት አለ፤ ከበስተኋላው ናቪኩላር የሚባል ትንሽ ጀልባ መሰል አጥንት ተሸጉጧል፤ እግሩን ወደ ኋላ የሚያጥፈው ትልቁ ጅማትም በዚህ ትንሽ አጥንት ላይ ተጠማዞ አልፎ ከዋናው አጥንት ሥር ይያያዛል። በጅማቱና በአጥንቱ መካከል ፈሳሽ የያዘች ቀጭን ከረጢት አለች። ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ እርምጃ በተራመደ ቁጥር እዚች ጠባብ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው።

ራጅ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በደንብ የሚያሳየው አጥንቱን ነው። ስለዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰኮናው ከበስተኋላ የሚያመው ፈረስ ራጅ ይነሳና፣ በትንሹ አጥንት ላይ ጥቂት ጉድጓድ ወይም ሻካራ ጠርዝ ከታየ «የናቪኩላር በሽታ ነው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር። የጎጆን ምሰሶና ማገር ብቻ አይቶ ጣሪያው ያፈሳል ወይም አያፈስም ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ውጤቱም በሁለት በኩል ያሳፍር ነበር፦ ክፉኛ የሚያነክሰው ፈረስ ራጁ ንጹሕ ይሆናል፤ ራጁ የሚያስደነግጠው ፈረስ ደግሞ ያለ ምንም እንከን ሲጋልብ ይውላል።

ይህን ልማድ የሰበረው ከአጥንት ሌላ ጅማትንም የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በሕይወት ያሉ ፈረሶችን በዚህ መሣሪያ ማየት ጀመሩ። በ2002 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ፈረሱ ሳይተኛ፣ በማረጋጊያ መድኃኒት ብቻ ቆሞ የሚታይበት ማሽን ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ፈረስን ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥቶ ማስተኛት ከሰው ይልቅ እጅግ አደገኛ ነውና። በዚያው ዓመት የወጣ፣ ከ40 ሺህ በላይ ፈረሶችን ያካተተ ጥናት፣ የሆድ ቁርጠት ከነበረባቸው ውጭ ያሉት እንኳ ከመቶው አንዱ ገደማ በማደንዘዣው ሳቢያ እንደሚሞት አሳይቷል። በእንግሊዟ ኒውማርኬት የእንስሳት ሐኪሟ ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ ከ2001 እስከ 2003 የሰኮና ሕመም ያለባቸውን 199 ፈረሶች በኤምአርአይ መርምረው በ2005 ያወጡት ውጤት ደግሞ የድሮውን ፋይል እንደገና አስከፈተ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የተገኘው ያ ትልቁ አጣፊ ጅማት ተጎድቶ ነው። ለዘመናት በአጥንቱ ስም ሲጠራ የኖረው ሕመም በብዙዎቹ ላይ ራጅ ሊያየው የማይችል የጅማት ጉዳት ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ግን አለ። እነዚያ ፈረሶች ወደ ማሽኑ የገቡት ሕመማቸው ሰኮና ውስጥ መሆኑ አስቀድሞ ከተለየ በኋላ ነው። የሚለየውም እንዲህ ነው። ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ከፊት እግሮቹ አንዱን የሚያመው ከሆነ የታመመው መሬት ሲነካ ራሱን ቀና፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ሐኪሙ በትልቅ ጉጠት ሰኮናውን ቦታ እየለዋወጠ ይጫነዋል፤ እግሩን የሚነጥቅበት ቦታ ይያዛል። ቀጥሎ ከተረከዙ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ በሚያልፈው ነርቭ ላይ ትንሽ ማደንዘዣ በቀጭን መርፌ ይወጋና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ፈረሱ እንደገና ይሮጣል። ማንከሱ ከጠፋ ሕመሙ እዚያው ነው። አንዳንዴማ በግራ ሲያነክስ የነበረው ከመርፌው በኋላ በቀኝ ማንከስ ይጀምራል፤ ሁለቱም እግሮቹ ታመው የባሰው ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል ማለት ነው። ይህን የትኛውም ፎቶ አይነግርም።

«መርፌውም እኮ ልክ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትነት አለው። መድኃኒቱ በቆየ ቁጥር ወደ ላይ ይሰራጫል፣ ተረከዙን ብቻ ያደነዝዛል ሲባል የሰኮናውን መገጣጠሚያም ያደነዝዛል። «እንግዲያው በቀጥታ ኤምአርአይ ለምን አይገባም?» ቢባል ግን፣ ፈረሱ ቆሞ ሲታይ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ትንሽ ቦታ ነው፤ የት እንደሚያነጣጥር ካልተነገረው ጤነኛውን ክፍል በጥራት አንስቶ ይወጣል። ሲያነጣጥርም ብዙ ነገር ያያል፤ ያረጀ ጠባሳም፣ ምንም የማያስቸግር ለውጥም አብሮ ይመጣል። ከመካከላቸው የሚያመውን የሚለየው የመርፌው ውጤት ነው። ደግሞ ራጅ እዚህም ጡረታ አልወጣም፦ ከኤምአርአይ በፊት ብረት ጫማው ከወለቀ በኋላ የሚስማር ስባሪ አለመቅረቱ የሚጣራው በራጅ ነው። ኢምንት የምታህል ብረት ምስሉን ታበላሸዋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለገንዘቦች ነው፦ «ምንም ተገኘ ምን ሕክምናው ዕረፍትና የተስተካከለ ጫማ ነው፤ ታዲያ ምስሉ ምን ይጠቅማል?» ይህ አይዋጥልኝም። ጅማቱ የተቀደደ ፈረስ ወራት የሚቆጠር ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ወደ ድሮ ሥራው መመለሱም አጠራጣሪ ነው። ይልቁንም ሕመሙ አልለቅ ሲል ወደ ተረከዙ የሚሄደውን ነርቭ መቁረጥ የተለመደ አማራጭ ነው። አጥንቱ ብቻ ከሆነ የታመመው ፈረሱ ለተወሰነ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ጅማቱ ተቀዶ ከሆነ ግን ሕመም የማይሰማው ፈረስ ሙሉ ክብደቱን ይጥልበትና ጅማቱ ይበጠሳል። እዚህ ላይ ምስሉ ውሳኔውን ራሱን ይገለብጠዋል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ እኛው ነን የምናነሳው፤ «ይህ የኒውማርኬት ጣጣ ነው፣ ለጋሪ ፈረስ ማን ኤምአርአይ ያነሳለታል?» ትክክል፤ ለቢሾፍቱ ወይም ለሻሸመኔ ባለጋሪ ማሽኑ ሩቅ ነው። ሩቅ ያልሆነው ከማሽኑ በፊት የሚመጣው ነው፤ ማስሮጥ፣ ጉጠቱ፣ መርፌው። በድንገት እግሩን መርገጥ ያቃተው ፈረስ ብዙውን ጊዜ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሮ ነው፤ እሱን የሚያገኘው ጉጠትና ቢላ እንጂ ራጅ አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በጋሪ ፈረስ ላይ ደግሞ የዘወትር አደጋ ነው። ሚስማር ሰኮናውን ከሥር ሲወጋው ጥያቄው ራሱ ተቀርቅሮ ይታያል፦ ምን ያህል ጠልቋል? ከረጢቷን ወይም መገጣጠሚያውን ነክቷል? ሁሉም ሰው ወዲያው ነቅሎ መጣል ይቀናዋል። ራጅ በቅርብ ካለ ግን ፈረሱ እንዳይረግጠው ተጠብቆ፣ ሚስማሩ ሳይነቀል መነሳት አለበት፤ ከተነቀለ በኋላ ቀዳዳው ይዘጋና መንገዱ ይጠፋል። ራጅ ከሌለ ወይም ፈረሱ እየረገጠ ይበልጥ የሚያስገባው ከሆነ ይነቀል፤ ነገር ግን የገባበት ቦታ ምልክት ይደረግበት፣ አቅጣጫውና ጥልቀቱ ይያዝ፣ ሚስማሩም ሳይጣል ለሐኪሙ ይወሰድለት። በሰኮናው ሥር መካከል ላይ የገባ ከሆነ ፈረሱ ባያነክስም እንኳ ለነገ አይባልም። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያውም በዚያው ይጠየቅ፤ ከቤት እንስሳት መካከል ለዚህ በሽታ እንደ ፈረስ የተጋለጠ የለም።