የጓሮ መንገድ

ዕዳ ያለበት ሰው ሰፈሩን ከማንም በላይ ያውቃል። ይኼን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። ሽሮ ሜዳ ስኖር ከቤቴ ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ስኳሩንም፣ ሳሙናውንም፣ ዘይቱንም «ደብተር ላይ ጻፈው» እያልኩ በዱቤ ስወስድ ከረምኩ። ደመወዝ ሲወጣ ገንዘቡ ለሌላ ቀዳዳ ዋለ። «የሚመጣው ወር እከፍላለሁ» አልኩ፤ የሚመጣው ወር መጥቶም አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መንገድ ቀየርኩ! ሁለት ደቂቃ የማይፈጀውን መንገድ ትቼ በጓሮ በኩል፣ ጭቃ እየዘለልኩ፣ የሰው አጥር እየተደገፍኩ፣ ውሻ እየጮኸብኝ ሩብ ሰዓት እዞር ጀመር። ባለሱቁ እኮ አንድ ቀን እንኳ ቤቴ መጥቶ «ገንዘቤን!» አላለኝም። ያሳድደኝ የነበረው እሱ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ያለው ስሜ ነው።

የዛሬ ጨዋታዬ ግን ስለ ስኳርና ዘይት አይደለም። በዚያው ሰሞን በጓሮ በኩል የምሸሸው ሌላም ደጅ ነበረኝ።

በ1999 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ለኪዳነ ምሕረት በዓል እንጦጦ ወጣሁ። ያን ጊዜ መጠጡ ብሶብኝ ነበር። ብሶብኝ ስል መንገድ ላይ የምወድቅ ሰው ሆኜ አልነበረም። ጠዋት ክራቫቴን አስሬ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ቢሮዬ እገባለሁ። ማታ ወደ ቤት የሚመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ሚስቴ የበሩን አከፋፈት ሰምታ የትኛው ሰውዬ እንደመጣ ታውቃለች። የስምንት ዓመቱ ልጄ ደግሞ የእናቱን ፊት አይቶ ያውቃል።

እናላችሁ፣ የዚያን ዕለት ልጄን በእጄ እንደያዝኩ ቤተ መቅደሱ ፊት ቆሜ «እመቤቴ፣ ካሁን በኋላ አንዲት ጠብታ አልቀምስም» ብዬ ተሳልኩ። ያውም ጮክ ብዬ! ልጄም ሰማኝ።

ሁዳዴን አለፍኩት። ሚስቴ መሳቅ ጀመረች። ልጄ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። ፋሲካንም በደህና ተሻገርኩ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደምታውቁት ሠርግ ነው። ለዳግም ትንሣኤ እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ጠርቶኝ ብቻዬን ሄድኩ። «ለሙሽሮቹ ጤና አንዲት ብቻ» አሉኝ። አንዲቷን ለሙሽሮቹ ጤና ጠጣሁ። የቀረውን ለማን ጤና እንደጠጣሁት አላስታውስም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ የተናገርኳትን እዚህ አልጽፈውም። ልጁ ተኝቷል ብዬ ነበር፤ ለካ አልተኛም ኖሯል። ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «አባዬ፣ ኪዳነ ምሕረት ሰምታለች?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? ኮቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

የጓሮ መንገዱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። እሑድ እሑድ «ሥራ አለብኝ» ማለት አመጣሁ። ታክሲው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባለፈ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ሲያማትብ እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ጉዳቸውን የማያውቁት ጫማዎቼ ያን ያህል ታስረው አያውቁም። ካፈረስኩት አይቀር ብዬም መጠጡን ከበፊቱ አብልጬ ያዝኩት። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩልን መጡ። ድምፃቸውን ስሰማ ዘልዬ ጓዳ ገባሁና ልጄን «የለም በላቸው» አልኩት። ልጁም ሄዶ «አባዬ የለም» አላቸው። ፊቱ ቆሜ የተሳልኩትን ስእለት ማፍረሴ ሳያንስ ውሸትም አስተማርኩት። በኋላ ሳስበው ከመውደቄ ይልቅ መደበቄ ነው ቤቴን የጎዳው።

ጓደኞቼ ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። «ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» ይሉኛል፣ ብርጭቆውን እየሞሉልኝ። አባባሉ እውነት ነው። ግን እንጨት ይጤሳል ተብሎ ቤተሰብ ሙሉ ጭስ ውስጥ ታፍኖ አያድርም፤ አንዱ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። እኔ መስኮቱን መክፈት ነው ያቃተኝ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ በጓሮ መንገድ ጭቃውን እየዘለልኩ ስመጣ፣ ከወዲያ በኩል ጥላ የያዙ ሰው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እየዘለሉ ይመጣሉ። የንስሐ አባቴ ናቸው! እዚያው ጓሮ ታሞ የተኛ ሰው ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። መንገዱ እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያሳልፍም። ወዴት ይኬዳል? መስቀሉን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?»

«ስእለቴን አፍርሼ ነው አባቴ። በምን ፊቴ ልምጣ?»

ዝም ብለው አዩኝና «የተሳልከው በማን ዕለት ነበር?» አሉኝ።

«በኪዳነ ምሕረት።»

«ኪዳኑን የገባው ማነው? አንተ ነህ?»

መልስ አጣሁ። የካቲት 16 ምን እንደሚታሰብበት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግኩት ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጌታ ለእናቱ የምሕረት ቃል ኪዳን የሰጠበት ዕለት ነው። የበላዔ ሰብእም ታሪክ ይነገራል። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰውዬ በስሟ ለለመነ ድሀ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ ይባላል። ይኼን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ ከንፈሬን መጥጬ ወጥቻለሁ፤ እኔን ይመለከተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በዓሉ ሰው ለእግዚአብሔር የማለበት ሳይሆን እግዚአብሔር ለሰው ቃል የገባበት ቀን ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን የራሴን መሐላ ብቻ ይዤ ወረድኩ። መሐላዬ ሲሰበር የእሱም ኪዳን አብሮ የተሰበረ መሰለኝ።

«ቃልህን ያጠፍከው አንተ ነህ» አሉኝ አባ። «እሱ አላጠፈም። ስለ ጴጥሮስና ስለ ይሁዳ እስቲ ቤትህ ገብተህ አስብ። ነገ ጠዋት ደግሞ ና።»

አሰብኩ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ነው የወደቁት። ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ ራሱን ግን አልመለሰም። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ካደ። ዮሐንስ በወንጌሉ መጨረሻ ላይ እንደሚተርከው፣ ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር የፍም እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው። ያ የፍም ሽታ ለጴጥሮስ ምን ያስታውሰው እንደነበር መገመት አያቅትም። «ለምን ካድከኝ?» ተብሎ ግን አልተጠየቀም። ትወደኛለህ ወይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ከዚያ በጎቹን ተረከበ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ምሕረት አለ ማለት ዋጋ የለውም ማለት እንዳይመስላችሁ። አባ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱም ጾሙም አለበት፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን «ሚስትህን ይቅርታ ጠይቃት፣ ለልጅህም እውነቱን ንገረው» የሚል ነበር። ስግደቱ ቀለለኝ። ልሰናበታቸው ስል ደግሞ «ነገ ብትወድቅ ነገውኑ ና፤ ሦስት ወር አትጠብቅ» አሉኝ።

ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ «ያን ቀን የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ሰምታለች። እኔ ዋሽቻለሁ። አባም የመጡ ዕለት ጓዳ ነበርኩ፤ አንተን ማዋሸት አልነበረብኝም» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ተቆጣችህ?» አለኝ። «ምነው ጠፋህ ነው ያሉኝ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አልወደቅኩም ብላችሁ ሦስተኛ ውሸት ይሆንብኛል። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ልዩነቱ፣ ሁለቱንም ጊዜ በማግሥቱ በዋናው መንገድ ሄጃለሁ። ቀስ በቀስም የመጠጡ ጉልበት እየደከመ መጣና ተወኝ። ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ያጠፋ ቀን ደውሎ ይነግረኛል፤ አይደበቅም። ከእኔ የወረሰው ሀብት ቢኖር ይኸው ነው።

ባለሱቁስ? የዚያኑ ወር ደመወዝ እንደተቀበልኩ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

«ጋሼ! ምነው ጠፉ? አሞዎት ይሆን ብዬ ልጁን ስጠይቀው ነበር እኮ!»

ከዚያ ደብተሩን አወጣና አሰላ። አንዲት ሳንቲም አልተወልኝም፤ ባለሱቅ ነዋ! ቢሆንም ያን ሁሉ ጊዜ ጭቃ ሳቦካ እሱ ይጠይቅ የነበረው ስለ ዕዳው ሳይሆን ስለ እኔ ነበር። ባለሱቅ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ኪዳን የገባው ጌታማ!