ቢራ ማለት ቢራ አይደለም

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ እስከ ስምንት ዘጠኝ ዓመታችን ድረስ ዓሊ ቢራ ማለት ቢራ የሚወድ ዘፋኝ ይመስለን ነበር። ሌላ ምን ሊመስለን ይችላል? ሰውየው ስሙ ላይ ቢራ ለጥፏል። የሰፈራችን ሰካራሞች እንኳን ይህን ያህል አልደፈሩም። እና አባባ ካሴቱን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ እኛ በሆዳችን «ምስኪን፣ እንዲህ አሳምሮ እየዘፈነ መጠጥ ባይለምድ ምን ነበረበት!» እያልን እናዝንለት ነበር።

አንድ ቀን ከመሃላችን ደፋሩ ጠየቀ። «አባባ፣ ዓሊ ቢራ ግን አሁንም ይጠጣል?»

አባባ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እማማን ከጓዳ ጠርቶ እንደገና ሳቀ። ከዚያ በኦሮምኛ «ቢራ» ማለት ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መስኩ በአበባ ሲሸፈን ያለው ወቅት መሆኑን ነገረን። የእኛ ጥቢ መሆኑ ነው። ሰውየው በልጅነቱ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን ውስጥ ይህች ቃል ነበረች፣ ሰዉ ወደዳት፣ ስሙ ላይ ቀረች። የአባቱ ቤት ስሙ ግን ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ካሴት ነው። ስለ ካሴቱ ብቻም አይደለም፤ እኛ በካሴቱ ላይ ስለሠራነው ጥፋትም ነው።

አራት ነን። ሦስት ወንድና አንዲት ሴት። የተወለድነው አዳማ ነው፤ ወይም ናዝሬት ነው፤ እንደተናጋሪው። አባባ አዳማ ይላል። እማማ ናዝሬት ትላለች። የሚኒባስ ረዳቶች «ናዝሬት! ናዝሬት!» ይላሉ። በ1992 ዓ.ም. ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ መልሳ ስትይዝ በቤታችን የተለወጠ ነገር አልነበረም። አባባ «አላልኩሽም?» አለ፣ እማማ «በል ናዝሬት ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። በቃ።

አባባ የባቡር ሰው ነው። ለእሱ ምድር ባቡር አይባልም፣ «ሸሚንደፈር» ነው። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ አካባቢ ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ ሥራ የለመደው በአማርኛና በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። አዳማ ጣቢያ ተመድቦ መጣ፣ የሸዋ ልጅ የሆነችውን እማማን አገኘ፣ ቀረ። የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም። እማማ ኦሮምኛ አትችልም፣ ሰፈሩ አማርኛ ያወራል፣ እኛም በዚያው አደግን። ለአባባ የቀረችለት ያቺ ካሴት ነበረች።

የሰፈራችን አባቶች መቼም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙዚቃ ነበራቸው። አጥር የሚጋሩን መምህር ከጂም ሪቭስና ከኬኒ ሮጀርስ በስተቀር ሰው ዘፈነ አይሉም ነበር። እሑድ ጠዋት በአጥሩ ወዲያ የአሜሪካ ገጠር ይዘፈናል፣ በወዲህ ደግሞ የሐረርጌ። መምህሩ እንግሊዝኛውን እየተረጎሙ ለልጆቻቸው ያስረዱ ነበር። እኛ ቤት ግን ትርጉም የሚባል ነገር የለም። ዜማውን ይዘን ቃሉን እንደመጣልን እናጮኸዋለን።

እና አባባ ስም አወጣልን፤ «አፍረን ቀሎ!»

አፍረን ቀሎ ማለት «አራቱ ቀሎ» ማለት ነው። በሐረርጌ ኦሮሞ የትውልድ ሐረግ ቀሎ አራት ልጆች አሉት፤ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌ እና ዳጋ። ድሬዳዋ ውስጥ በ1950ዎቹ የድሬ ወጣቶች ያቋቋሙት የሙዚቃ ቡድን ስሙን ከዚያ ወሰደ። እኛም አራት፣ እነሱም አራት፤ ለአባባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። እንግዳ ሲመጣ «አፍረን ቀሎ ኮቱ!» ብሎ ይጠራናል። «ኮቱ» ማለት ና ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ከኦሮምኛችን ሩቡ እሷ ነበረች።

አባባ ስለ ቡድኑ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ያኔ ኦሮምኛ ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩበት፣ ፍርድ ቤት ቆመው የሚሟገቱበት ቋንቋ አልነበረም። የድሬዳዋ ወጣቶች ግን ተሰባስበው በሠርግ ላይ፣ በዒድ በዓል ላይ በቋንቋቸው መዝፈን ጀመሩ። እነ ዓሊ ሸቦ ነበሩበት። ገና ታዳጊ የሆነው ዓሊ ቢራም እዚያ ነው ድምፁን ያሟሸው። መንግሥት ነገሩን በበጎ አላየውም። ቡድኑ ታገደ፣ ከአባላቱ የታሰረ ታሰረ፣ የተሰደደ ተሰደደ። ዓሊ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው አልበም በኦሮምኛ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ከአገር ወጥቶ ረጅም ዘመን በውጭ ኖረ፤ በኦሮምኛ ብቻም ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዓረብኛም ዘፈነ።

«እኛ ልጆች ሆነን» ይል ነበር አባባ፣ «የራሳችንን ቋንቋ ከመድረክ ላይ ስንሰማ አንዳንዱ ሰው ያለቅስ ነበር።» እኛ ደግሞ በሠርግ ዘፈን ምን ያስለቅሳል ብለን እንገረማለን።

ከሁሉ የሚጥመን የመንገድ ላይ ዘፈን ነበር። የእማማ ወንድም የታክሲ ሥራ የሚሠራበት አሮጌ ፔጆ ነበረው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ሥራ ያቆምና ሁላችንን አጭቆ ወደ ዝዋይ ይወስደናል። አራታችን ከኋላ፣ እማማ መሃላችን ተጣብቃ፣ አባባ ከፊት ካሴቱን ይዞ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ እንታጠፋለን፣ ቆቃ ውኃው ብልጭ ሲል እንጮኻለን፣ መቂ ላይ እማማ ቲማቲምና ሽንኩርት ካልገዛሁ ብላ ታስቆማለች። ዝዋይ ስንደርስ (ዛሬ ባቱ ነው የምትባለው) የተጠበሰ አሣ በዳቦ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ካሴቱ አያርፍም። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ አጎታችን «አሁን እንኳ ጥላሁንን አስገባ!» ይላል፤ አባባ ያልሰማ መስሎ ይገለብጠዋል። እኛ ከኋላ በአራት ድምፅ እንቀበላለን። ቃሉ የተሳሳተ ነው፣ ዜማው ግን ልክ ነበር። አባባ አንዴም አላረመንም። አሁን ስናስበው ማረም የፈራ ይመስለናል። ቢያርመን እንተወው ነበራ!

ካሴቷ የመጣችው በባቡር ነው። ያን ጊዜ ከድሬዳዋ የማይመጣ ነገር አልነበረም፤ ከቀፊራ ሽቶው፣ ከታይዋን ልብሱና ሬዲዮው፣ አንዳንዱ በወጉ አንዳንዱ በኮንትሮባንድ። የአባባ ጓደኞች ከድሬ ሲመጡ ከእናቱ ዘንድ መልእክት ያመጡለታል። አያታችን ጽሕፈት አትችልም። ስለዚህ በሰፈሯ አንድ ልጅ ቴፕ ይዞ መጥቶ ድምፅዋን ቀዳላት። ከዓሊ ቢራ ዘፈኖች በኋላ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ባዶ በቀረችው ቦታ ላይ። ምናልባት አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። አባባ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ወደ ቴፑ ይጠጋል። እኛ ለመጫወት እንወጣለን። ምን እንደምትል አይገባንማ።

አያታችን በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አረፈች። ያየናት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊታችንን በእጇ እየዳሰሰች ብዙ ነገር አለችን፣ እኛም ዝም አልን።

ከዚያ አደግን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» በየሱቁ ደጃፍ ሲጮህ እኛ የአሥራዎቹ ዕድሜ ጎረምሶች ነበርን። ካሴት መግዣ የለንም፣ የምንቀዳበት ባዶ ካሴት ደግሞ የለም። የጓደኛችን ሁለት ክፍል ያለው ቴፕ አለ። መሳቢያ ውስጥ ደግሞ የአባባ ካሴት አለች። «መጨረሻው ላይ እኮ ወሬ ነው ያለው፣ ዘፈኑ አይነካም» ተባባልን። ማን እንዳለው እስከዛሬ እንወዛገባለን፤ ስለዚህ ሁላችንም ብለነዋል። ካሴቷ እንዳትቀዳ ጥርሷ ተሰብሯል። ወረቀት አኝከን ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቅንና ቀዳንበት።

አባባ ያወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሑድ ነበር። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ እሱም እንደልማዱ ድምፁን ቀንሶ ወደ ቴፑ ተጠጋ። እና ሌላ ዘፈን ጀመረ። አባባ ትንሽ ጠበቀ። ወደ ፊት አስኬደው፣ ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ቴፑን አጠፋና ወደ ሥራ ልብሱ ሄደ። እሑድ ነው፣ ሥራ የለውም።

አልመታንም፣ አልተቆጣንም። ቢመታን ይሻለን ነበር። እማማ ግን ማታ ጠርታ «የእናቱን ድምፅ ነው ያጠፋችሁት» አለችን። ከዚያ በኋላ አፍረን ቀሎ ብሎ አልጠራንም። ምናልባት ስላደግን ይሆናል። እኛ ግን እንደዚያ አናምንም።

ዓመታት አለፉ። አሮጌው ባቡር ቆመ፤ አባባ ጡረታ ወጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አባባ አንድ ቀን ወስዳችሁ አሳዩኝ ብሎን ወሰድነው። ብዙ አየና «ንጹሕ ነው» አለ፤ ሌላ አላለም። እኛም ተበታተንን፤ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ሐዋሳ፣ እህታችን አዳማ ከእነ አባባ አቅራቢያ።

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እህታችን ደወለች። ዓሊ ቢራ አረፈ። የት? እዚሁ፣ አዳማ፣ በሕክምና ላይ ሳለ። ያ በልጅነታችን ከሩቅ አገር በካሴት ብቻ የሚመጣ ድምፅ ከቤታችን ጥቂት መንገድ ላይ ሆኖ ነው ያረፈው። አስከሬኑ ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ እዚያው ባደገባት ከተማ ተቀበረ። ወሩ ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው ያበበ። ቢራ ማለት ያ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳንነጋገር አራታችንም አዳማ ተገናኘን። አባባ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥኑን እያየ ነው። ስለ ዘፋኙ ያወራሉ፤ እሱ ዝም ብሏል። ከእኛ አንዱ ስልኩ ላይ የዱሮውን ዘፈን ፈልጎ ከፈተ። ዛሬ እኮ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ካሴቷ ላይ የነበሩት ዘፈኖች አንድም አልጠፉም። የጠፋው እኛ ያጠፋነው ብቻ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ እህታችን ከሃያ ዓመት በላይ ያልጠየቅነውን ጠየቀች። «አባባ፣ አያያ ካሴቱ ላይ ምን ነበር የምትለው?»

አባባ ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደም። ያን ያህል ጊዜ የሰማውን ነገር እንዴት ይረሳል? በኦሮምኛ ጀመረ፤ እንደ እሷ፣ በእሷ አነጋገር። ከዚያ ቆም እያለ በአማርኛ ነገረን። ሰላምታ ነው፣ ብዙ ሰላምታ። የጎረቤት ሰላምታ፣ የላሚቱ መውለድ፣ ዝናቡ ዘገየ፣ ያ የላክኸው ብርድ ልብስ ደረሰኝ፣ እግሬን ያመኛል ግን ደኅና ነኝ። መጨረሻ ላይ ስለ እኛ ነው። ልጆችህን ይዘህ ስትመጣ፣ አለች፣ ከእኔ ጋር በምን ይጫወታሉ? ትንሽ ትንሽ አስተምርልኝ፤ ሳልሞት ልስማቸው።

ማናችንም ምንም አላልንም። አባባ ግን እኛን ለማጽናናት ይመስላል «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያላስተማርኳችሁ» አለ። እኛ ደግሞ በ«ኮቱ!» ሲጠራን «እሺ አባባ፣ መጣን» እያልን በአማርኛ የመለስንለት እያንዳንዱ ቀን ትዝ አለን። አስተምሮናል እንጂ! በዘፈን፣ በየመንገዱ፣ እስከ ዝዋይ ድረስ። እኛ ነን ዜማውን ብቻ የወሰድነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ጀምረናል። በየወሩ ስንገናኝ አንድ የዓሊ ቢራ ዘፈን እንመርጣለን፤ አባባ ቃል በቃል ይተረጉምልናል። በልጅነታችን የጮኽነው ምን ያህል የተሳሳተ እንደነበር ሲሰማ አሁንም እስኪያስለው ይስቃል። ልጆቻችን ከእኛ በፍጥነት ይይዙታል። ትንሿ የእህታችን ልጅ እንዲያውም ባለፈው አያቷን «ዓሊ ቢራ ለምን ቢራ ተባለ?» ብላ ስትጠይቀው እኛ ለመመለስ ስንሽቀዳደም አባባ እጁን አነሳና ዝም አስባለን። በኦሮምኛ ነገራት። ገባት መሰለን፤ «ኢዬ» አለችው።

አባባ ስልኳን ተቀብሎ ድምፁን ጨመረና ወደ እኛ ዞሮ «አፍረን ቀሎ፣ ተቀበሉ እንጂ!» አለ።

ካሴት ዛሬ በየቤቱ የለም። የሚያወሩ አባቶችና እናቶች ግን አሉ። በመሳቢያችሁ ውስጥ አሮጌ ካሴት ካለ መጨረሻውን ሳትሰሙ አትጣሉት፤ ባለቤቱ ካለ ደግሞ ምን እንደሚል ዛሬውኑ ጠይቁት።