የጡረተኛው አባቴ የጤና መድን

ሰው ለሞቱ ቀን የሚያደርገውን ዝግጅት ያህል ለሕመሙ ቀን ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። እኔም ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቤቴ ከደረሰብኝ ነገር ነውና፣ ሽማግሌ ወላጅ ላላቸው ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ ጽፌዋለሁ።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ዘመናቸውን ፈጽመው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን እንዳይኖሩ ብለን የካ አባዶ ወደሚገኘው ቤታችን አመጣናቸው። ቤታችን ከጋራ መኖሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለ ሆነ ደረጃው ለእሳቸው ፈተና ነው፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወርደው ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አይውሉም። ስኳርና የደም ግፊት አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

የጡረታ አበላቸውን በተቀበሉ ቀን ከሁሉ አስቀድመው የሚፈጽሙት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የዕድር መዋጮ መክፈል ነው። ከድሮው ሰፈራቸው ዕድር አልወጡም፤ የአዲሱንም ሰፈር ዕድር ጨምረዋል። አንድ ቀን ሁለቱን ደብተሮች በእጃቸው ይዘው ሳለ፣ «አባባ፣ ለመቀበር በሁለት ወገን ከፍለዋል፤ ለመታከምስ የከፈሉት የት አለ?» ብዬ እንደ ቀልድ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ለመታከሙማ እናንተን ወልጃለሁ» አሉኝ። ቀልዱ እውነት ነበረና ከልቤ አልወጣም።

ከዚህም የተነሣ ሦስታችን ልጆቻቸው ተመካከርን። በአሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በስልክ፣ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ከግል የመድን ኩባንያ የተሻለውን ግዙላቸው» አለ። በንግድ የምትተዳደረው ታላቅ እኅቴ ደግሞ ራሷ አባል ስለ ሆነች፣ «በወረዳ የሚሰጠው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይበቃቸዋል» አለች። እኔ ግን መምህር ነኝና፣ «ቆዩ፣ አስቀድሜ ላጥና» አልኩ።

በመጀመሪያ የተመለከትኩት ሕጉን ነው። የሠራተኛ የሕመም መድን በጀርመን አገር በሕግ የቆመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ነው። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲጸና ለሽማግሌው የዕለት እንጀራ ታሰበለት፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው ግን በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሥርዓት ጡረተኛው ከአበሉ ከመቶ አንድ እንዲያዋጣ፣ መንግሥትም ያንኑ ያህል እንዲጨምርለት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አፈጻጸሙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ቆየ። ስለዚህ አባቴ ያን ብቻ ተስፋ አድርገው ሊቀመጡ አይገባም ነበር።

የማኅበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ ኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ወደ አዲስ አበባም የተስፋፋ ነው። በመሠረቱ የታሰበው በእርሻና በግል ሥራ ለሚተዳደር ሰው ነው። ሆኖም ወረዳችን ጡረተኞችንም እንደሚመዘግብ ሄጄ ጠይቄ ተረዳሁ፤ እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለ ሆንኩ የሚመዘገቡት በእኔ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ነበር። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሲታመም አስቀድሞ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ይህን መንገድ ዘልሎ የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

የግሉ መድን ጥቅም ሐኪምን መምረጥና ብዙ ሳይጠብቁ መታከም ነው። ነገር ግን የግል ኩባንያዎች የጤና መድን የሚሸጡት በአብዛኛው ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለብዙ ሠራተኞች በአንድነት ነው። ለአንድ ሽማግሌ ሲሆን የዕድሜ ገደብ ይመጣል፤ ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ሳይሸፈን ይቀራል ወይም የመቆያ ጊዜ ይጣልበታል፤ ለዓመቱም የገንዘብ ጣራ አለው። ወንድሜ ያገኘው ቅጽ፣ «ከዚህ በፊት የነበረብዎ በሽታ» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ወንድሜም፣ «ባዶውን ተዉት፤ ማን ያውቃል?» አለ። አባቴ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ መዝገብ ስጠብቅ አንድ ሐሰት አልጻፍኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግም ቢሆን አንድ ሰው ለመድን ሰጪው ዋናውን ነገር አውቆ ከደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ሰውየው ዓመት ሙሉ ከፍሎ በታመመ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። እውነቱ ሲጻፍ ደግሞ ኩባንያው ስለ ዕድሜአቸውና ስለ ስኳሩ ሲል አልቀበልም አለ።

በዚያን ጊዜ ወደ ወረዳው ሄጄ ላስመዘግባቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ውል፣ ሌላ ቅጽ እያልኩ ሳነጻጽር የዓመቱ የምዝገባ ጊዜ አለፈ። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም።

ክረምት ገባ። አንድ ማታ ባለቤቴ የአባቴን እግር ልታጥብ ብትል እንቢ አሉ። አልቀበል ብላ ካልሲያቸውን ስታወልቅ የእግራቸው ጣት ጠቁሮ፣ ቁስሉም መሽተት ጀምሮ አገኘችው። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ነበር፤ ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ አላስጮኻቸውም። «አባባ፣ ይህን መቼ አዩት?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከፍልሰታ በፊት» አሉ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ መድረሱን ሰምቼ ነው» አሉኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በወረቀት ላይ በሽታቸውን አልደብቅም ያሉት አባት በገዛ ልጃቸው ቤት ቁስላቸውን ደበቁ። ከኩባንያው ያልሰወሩትን ከእኔ ሰወሩት፤ ምክንያቱም የኩባንያው ገንዘብ አላሳሰባቸውም፣ የእኔ ግን አሳሰባቸው። በሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኙ፤ አንድ ጣታቸውም ተቆረጠ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር። ገንዘቡ በወንድሜና በእኅቴ እርዳታ ተተካ፤ ጣቱ ግን አልተተካም።

በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን አባቴን ይዤ ወረዳው በር ላይ ተገኘሁ። ወንድሜም ለግል መድን ሊልክ ያሰበውን ገንዘብ በየወሩ በአባቴ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ያስቀምጣል። ይህም መድኑ ለማይሸፍነው ነገር ነው፤ ይኸውም ከጤና ጣቢያው ለታጣ መድኃኒት፣ ለመነጽር፣ ለታክሲ። እንዲህ ሲሆን መሠረቱ የወረዳው መድን፣ ጭማሪው የልጆች ቁጠባ ሆነ።

ስለዚህ ለወላጁ መድን የሚመርጥ ሰው ከስሙ ትልቅነት ይልቅ እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ፤ የሽማግሌውን ዕድሜ ይቀበላል ወይ? ዛሬ ያለበትን በሽታ ይሸፍናል ወይ? በየወሩ የሚውጠውን ኪኒን ከየት ያገኛል፤ ከታጣስ ውል ያለው መድኃኒት ቤት አለ ወይ? የዓመቱ ጣራ ስንት ነው? አስቀድሞ ይከፈላል ወይስ ሳይከፈል ይታከማል? ምዝገባውና እድሳቱስ መቼ ይዘጋል? ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን አትርሱ፤ እኔ ሌሎቹን ሁሉ አጥንቼ ይህን በመርሳቴ ተጎድቻለሁና።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው በመንገድ አንሥቶ ቁስሉን ካሰረ በኋላ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ከፍሎ እንደ ሄደ፣ የጎደለውንም ሲመለስ ሊሞላ ቃል እንደ ገባ እናስተውል። አስቀድሞ መክፈል ለቁስለኛው የልብ ዕረፍት ነው። የማኅበር ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ሽማግሌው በልጁ ኪስ ላይ የከበደ አይመስለውም፤ ጎረቤቱን ለመቅበር እንዳዋጣ ሁሉ ጎረቤቱም ለእሱ ሕክምና አዋጥቷልና።

አባቴ ዛሬ የመድኑን መታወቂያ ከሁለቱ የዕድር ደብተሮች ጋር በአንድ ቦርሳ ይይዙታል። ባለፈው የዕድር ስብሰባ ላይም ተነሥተው የምዝገባውን ጊዜ ለአባላቱ አሳሰቡ። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ግን ከጥቂት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። ማለዳ በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ እግሬን ትንሽ ቆጥቁጦኛል፤ ጤና ጣቢያ ውሰደኝ» አሉኝ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ታጥቦና ታሽጎ ከቀትር በፊት ተመለስን። አባቴ አመመኝ ለማለት አልፈሩም። ለዓመቱ የከፈልነው ገንዘብ በዚያች ማለዳ ዋጋውን መለሰልኝ።