ወደ ወደቀው ክንፍ

ሣጥኑን ስንቀበል ባዶ መስሎን ነበር። ረጅም ካርቶን ነው፤ ሲያነሡት ግን እጅ ላይ አይከብድም። ስንከፍተው በውስጡ ስስ ጣውላዎች፣ የተጠቀለለ የንድፍ ወረቀትና አንድ እፍኝ የማይሞላ ሽቦ አገኘን። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አንዱን ጣውላ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ይህ እንጨት ሊሆን አይችልም ሲል በእንግሊዝኛ ተናገረ። እኔም እንደ ልማዴ «በአማርኛ በለው» አልሁት። ጣውላውን አስቀምጦ ዝም አለ።

የምኖረው በኮሎራዶ ነው፤ ልጄም የተወለደው እዚሁ ነው። ለእርሱ አማርኛ የቤት ቋንቋ ነው፤ በእኔ ቤት ደግሞ የፈተና ቋንቋ ሆኖበታል። ሥራዬ ባንክ ቤት ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ ከመስኮቴ አልነሣም። ግጥም እጽፋለሁ ባይም ነኝና አንዲት ቃል ከቦታዋ ብትዛነፍ እንቅልፍ ይነሣኛል። ከሁለቱ የተረፈኝን ጥንቃቄ ሁሉ በልጄ ምላስ ላይ አዋልሁት። አፉን በከፈተ ቁጥር አረምሁት። ከዚያም አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ ሳላስተውል፣ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ አባት ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

ግላይደሩን የገዛሁት ለዚህ ነበር። ሞተር የሌላት፣ ከመሬት በሬዲዮ የምትመራ፣ የክንፏ ስፋት ሁለት ሜትር የሆነ አውሮፕላን። እኔም እርሱም የማናውቀው ሥራ ስለሆነ፣ እጃችን ሲፍታታ ምላሳችንም አብሮ ይፍታታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

እንጨቱ ባልሳ ይባላል። አብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ስሙ በስፓንኛ ግንድ ከግንድ ጋር አስረው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉበት ነገር ማለት ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1947 እ.ኤ.አ. ከፔሩ ተነሥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ 101 ቀናት የተጓዘው በባልሳ ግንዶች ላይ ነው። ይህን ለልጄ ስነግረው ዓይኑ በራ። በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ በአየርም ላይ መንሳፈፉ አላስገረመውም።

ንድፉን በሰሌዳ ላይ ዘርግተን፣ ሙጫው ከወረቀቱ ጋር እንዳይጣበቅ በላዩ የሰም ወረቀት አነጠፍን፤ ጣውላዎቹንም በመርፌ ቁልፍ እየወጋን በየመስመራቸው አቆምናቸው። ችግሩ ስም ነበር። የክንፉን አቋራጭ ስስ እንጨቶች «የጎን አጥንት» አልናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንፉን ተሸክሞ የሚያልፈውን እንጨት ምን እንበለው? የአያቴን ጎጆ አስታውሼ ስለ ምሰሶ ነገርሁት። «የተኛ ምሰሶ» አለ ልጄ። ከእርሱ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። የጅራቱን መሪ «መቅዘፊያ» አልነው። ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ስንፍቅና ስንለጥፍ የወጥ ቤታችን ወለል እንደ ወፍጮ ቤት በነጭ ብናኝ ተሸፈነ። በመጨረሻ ስሱን ፕላስቲክ በካውያ ስናለብሰው እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ሚዛን ቀረ። ክብደቷ ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብሎ ካላረፈ አትበርም። ጅራቷ ከብዶ ተገኘ። አፍንጫዋ ውስጥ እርሳስ መጨመር ነበረብን፤ በቤት ውስጥ ግን እርሳስ አልነበረም። ልጄ የአንድ ሳንቲም ዝርዝር የሚያጠራቅምበትን ማሰሮ አመጣ። እያንዳንዷ 2.5 ግራም ትመዝናለች። በዐሥራ ስድስተኛዋ ሳንቲም አውሮፕላኗ በሁለት ጣቶቼ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ዕድሜዬን ሙሉ ሳንቲም ስቆጥር እንዲህ ያለ ደስታ አላገኘሁበትም።

ስሟን ያወጣው እርሱ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ስለ ሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ስለ ተጠራችው፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ስለ ተመለሰችው አውሮፕላን አጫውቼው ነበር። የእኛዋ «ትንሿ ፀሐይ» ሆነች።

ከ250 ግራም በላይ ስለምትመዝን አምስት ዶላር ከፍለን አስመዘገብናት፤ የአብራሪዎቹን ነጻ ፈተናም ወሰድሁ። ለአዲስ አብራሪ እጅግ ከባዱ ነገር ግን በፈተናው አይደለም። አውሮፕላኗ ወዲያ ስትሄድ ቀኟ ቀኝህ ነው፤ ወደ አንተ ስትዞር ግን ቀኟ ግራህ ይሆናል። መላው አንድ ነው፤ ፊቷን ወደ አንተ አዙራ ስትመጣ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ዝቅ ወዳለው ክንፍ መግፋት። ልጄ እጆቹን ዘርግቶ ወጥ ቤት ውስጥ እየተንጋደደ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ዘንግ እገፋለሁ። ስንት ምሽት ተለማመድን!

በሚያዝያ፣ ነፋስ በረድ ባለበት ማለዳ፣ ከከተማው ምሥራቅ ወዳለው ሜዳ ወጣን። በመጀመሪያ በእጅ ወረወርናት፤ ሣሩን እየታከከች ሄዳ በሆዷ አረፈች። ቀጥለን ከረጅም ላስቲክና ገመድ ጋር አያያዝናት። ለቀቅኋት፤ እንደ ጭልፊት ወደ ላይ ተመዘዘች፤ ገመዱ ከሆዷ ተላቀቀ፤ ከዚያም ዝምታ ሆነ። ቀይ ክንፏን ፀሐይ አሳልፎት የጎን አጥንቶቿን አንድ በአንድ ቆጠርሁ።

አዞርኋት። ወደ እኛ መጣች። ግራ ክንፏ ዝቅ አለ፤ ዘንጉን ወዴት እንደምገፋ ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ወደ የወደቀው ክንፍ!» ብሎ ጮኸ ልጄ። በአማርኛ።

«‹ወደ ወደቀው› ነው የሚባለው» አልሁት።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሳስበው አይደለም የተናገርሁት። ከአፌ ወጣ። ቃሉን እስክጨርስ የክንፏ ጫፍ መሬት ነካ፤ ድርቆሽ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ሰማን።

ልጄ አላለቀሰም። ስብርባሪውን ለቅሞ ካርቶኑ ውስጥ ከተተና መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እስከ ቤት ድረስ በየትኛውም ቋንቋ አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ሙጫውን አውጥቼ የተሰበረውን ምሰሶ መጠገን ጀመርሁ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ልክ ነበርህ» አልሁት። «ሰዋስዉ ተሳስቶ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰማኸኝም?» አለኝ።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚታረም አንዳች የለም። የምመልሰውም አላገኘሁ። ስብራቱን ያዝ አልሁት፤ ሙጫው እስኪደርቅ ያዘልኝ።

በግንቦት ተመልሰን ስንወጣ መቆጣጠሪያውን ለእርሱ ሰጠሁት። ከገመዱ ስትላቀቅ በድንጋጤ ዘንጉን አጥብቆ ያዘ፤ ወዲህና ወዲያ አንገላታት። ክንፎቿ ከመካከል ወደ ጫፍ ከፍ ብለው የተሠሩት ለዚህ ነው፤ ወደ ጎን ስታዘነብል ዝቅ ያለው ክንፍ ይበልጥ ይነሣል፤ ከፍታ ካላት ራሷን ታቃናለች። ግራ የገባው አብራሪ ሊያደርግ የሚገባው መልቀቅ ነው። ልነግረው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ጣቶቹን አላላ። ተቃናች።

በአየር ላይ በቆየችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ልጄ አፉን አልዘጋም፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። አራት ስሕተት ቆጠርሁ፤ የባንክ ሠራተኛ መቁጠር አይተውም። አንዱንም አልተናገርሁ። ራቅ ብላ ሣር ላይ ስታርፍ እየሮጠ ሄደ።

በዚያ ማታ ከንድፉ ወረቀት ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ጫርሁ፦

ስጨብጥሽ ጠመምሽ፣ ስለቅሽ ቀና አልሽ፤
ለካ ከእጄ ይበልጥ ነፋሱን ታውቂያለሽ።

ልጄ ፊደሎቹን እየቆጠረ አነበበና «‹አንቺ› የምትላት ማን ናት?» አለኝ።

«አውሮፕላኗ» አልሁት። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።